የጡት ካንሰር ታካሚ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ መመሪያ፦ ከድካም፣ ከትከሻ መድረቅና ከእጅ እብጠት ጋር እንዴት ተጀምሮ እንደሚዘለቅ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ በሐኪም ተመክረው ጀምረው ላቋረጡና ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ለገባቸው የጡት ካንሰር ታካሚዎች ነው። የሚያቋርጡት ሰዎች ሰነፎች አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ምክንያቶች አንዱ ያሸንፋቸዋል። አንደኛው ድካሙ እስኪለቃቸው ሲጠብቁ ወራት ማለፋቸው ነው፤ ከካንሰርና ከሕክምናው የሚመጣ ድካም በመተኛት ብቻ የማይለቅ ከመሆኑም በላይ፣ ረጅም ጊዜ መተኛት ጡንቻን ስለሚያሳሳ ድካሙን ያባብሰዋል። ሁለተኛው በመጀመሪያው ደህና ቀን ከአቅም በላይ መሥራትና በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ሲያቅት «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ መደምደም ነው። ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና በተደረገበት ጎን ያለውን እጅ መፍራት ነው፤ እጁ ሳይንቀሳቀስ በቆየ ቁጥር ትከሻው እየደረቀ ይሄዳል፣ የደረቀውም ትከሻ ሲያም ፍርሃቱ እውነት ይመስላል።

የሚደረስበት ግብ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ይህን ያህል እየሠሩ ከ8 እስከ 12 ሳምንት የዘለቁ ታካሚዎች ድካማቸው፣ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው እንደሚቀንስ፣ የዕለት ተዕለት ሥራቸውን የመሥራት አቅማቸውም እንደሚሻሻል በተደጋጋሚ ጥናቶች ታይቷል። ሆኖም ይህ መድረሻ ነው፤ መነሻው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ወንዶችም በጡት ካንሰር ስለሚያዙ የሚከተለው ሁሉ ለእነሱም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ

«እንቅስቃሴ ማድረግ እችላለሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «አዎ፣ ቀስ ብለው» ይሆንና ምንም ሳይያዝ ይመለሳሉ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈው ይሂዱና መልሳቸውን እዚያው ይመዝግቡ።

1. ካንሰሩ ወደ አጥንት ተሰራጭቷል ወይ? ከሆነ የትኛው አጥንት ላይ ነው፣ የመሰበር ስጋትስ አለው? ይህን ሳያውቁ ክብደት አያንሱ፣ አይዝለሉ፣ ወገብዎንም በኃይል አይጠምዝዙ።
2. የምወስደው መድኃኒት ልብን ይነካል ወይ? ዶክሶሩቢሲንና ትራስቱዙማብ በልብ ላይ ጉዳት ሊያደርሱ ከሚችሉት ውስጥ ናቸው።
3. የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራዬ ምን ያሳያል? የሄሞግሎቢን፣ የነጭ የደም ሴልና የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) መጠኑን ለይተው ይጠይቁ።
4. ከብብቴ ስንት የሊምፍ ዕጢ ወጥቷል፣ ብብቴስ ጨረር አግኝቶታል? ብዙ ዕጢ የወጣለት ወይም ብብቱ ጨረር ያገኘው ሰው ለእጅ እብጠት ይበልጥ ስለሚጋለጥ ክትትሉን ማጥበቅ ይኖርበታል።
5. እጄን ከትከሻ በላይ ማንሳት የምችለው ከመቼ ጀምሮ ነው? ዕቃስ ማንሳት?

ጡትዎ ከሆድ ወይም ከጀርባ በተወሰደ ሥጋ፣ ወይም በሰው ሠራሽ ተከላ እንደገና ከተሠራ፣ ከዚህ በታች ካለው የጊዜ ሰሌዳ ይልቅ የቀዶ ሐኪምዎ ትእዛዝ ይቀድማል።

ደረጃ 2፦ መነሻዎን ይለኩ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ በኋላ ላይ እጁ ማበጡንና አለማበጡን፣ እየተሻለው መሆኑንና አለመሆኑን መለየት የሚያቅተውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ የልብስ ስፌት ሜትር፣ የማያንሸራትት ጫማና ቁስሉን የማይጫን ልቅ ልብስ ብቻ ነው።

እጅዎን ይለኩ። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያሳርፉ። የእጅ አንጓዎን፣ ከክርንዎ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ያለውን ቦታና ከክርንዎ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ያለውን ቦታ ዙሪያውን ይለኩ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቅ። ሁለቱንም እጆች ለክተው ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ይጻፉ። በየወሩ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ላይ ይድገሙት። ሁለቱ እጆች ከመጀመሪያውም እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ (ዘወትር የሚሠሩበት እጅ ትንሽ ወፍራም ነው) ዋናው ነገር ከመነሻው የመጣው ለውጥ ነው።

አቅምዎን ይለኩ። በሜዳማ ቦታ፣ ሳይቸኩሉ፣ እረፍት እስኪያስፈልግዎ ድረስ ይራመዱና ደቂቃውን ይመዝግቡ። 4 ደቂቃም ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው።

ድካምዎን በቁጥር ይግለጹ። ከ0 እስከ 10፣ 0 ምንም ድካም የለም፣ 10 ደግሞ ከአልጋ መነሳት አልቻልኩም ማለት ይሁን። ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ይጻፉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከቀኑ ሰዓታት የትኛው እንደሚሻልዎ በግልጽ ያሳይዎታል፤ እንቅስቃሴዎን በዚያ ሰዓት ላይ ይትከሉ።

ደረጃ 3፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እጅንና ትከሻን ማፍታታት

በዚህ ደረጃ የሚፈጸሙት ስህተቶች ሁለት ተቃራኒዎች ናቸው፦ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅን ወደ ላይ መሳብ፣ ወይም ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ብሎ እጅን ለሳምንታት ደረት ላይ አጣጥፎ መያዝ።

የመጀመሪያው ሳምንት፤ የፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ገና ሳይወጣ

እጅዎን ከትከሻዎ ከፍታ በላይ አያንሱ። በዚህ ገደብ ውስጥ ግን መታጠብ፣ ፀጉር ማበጠር፣ መብላትና መልበስ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ በዚያው እጅ ይጠቀሙ።

1. ጋደም ይበሉና እጅዎን በትራስ ደግፈው ከልብዎ ከፍታ በላይ ያሳርፉት። መዳፍዎን ከ15 እስከ 25 ጊዜ ጨብጠው ይክፈቱ፤ ከዚያ ክርንዎን ያጥፉና ይዘርጉ። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይድገሙ።
2. ቁጭ ብለው ትከሻዎን ወደ ፊት ከዚያም ወደ ኋላ 10 ጊዜ ያዙሩ።
3. በአፍንጫዎ በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ሆድዎ ሲነፋ ይሰማዎት፣ በአፍዎ ቀስ አድርገው ያውጡ። ይህን ሲያደርጉ ትከሻዎን ዘና ያድርጉ፤ ሳይታወቃቸው ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ሰብስበው የሚውሉ ሰዎች አንገታቸው ይታመማል።

ቱቦው ወጥቶ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ

*በዱላ ማንሳት።* በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ያጥፉ። የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ፣ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው ይያዙ። ደህናው እጅ እየረዳ እንጨቱን ወደ ራስዎ በላይ ይውሰዱት። መወጠር ሲሰማዎ ቆም ብለው 5 ሰኮንድ ይያዙና ቀስ ብለው ይመልሱ። ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይድገሙ።

*ክርን መክፈት።* እንደተኙ ጣቶችዎን ከማጅራትዎ ኋላ ያቆላልፉ፤ ክርኖችዎ ወደ ጣሪያ ይዩ። ቀስ እያሉ ወደ ፍራሹ ይክፈቷቸው። እጅዎ ማጅራትዎ ላይ ካልደረሰ ግንባርዎ ላይ አድርገው ይጀምሩ።

*ግድግዳ መውጣት።* ይህን በጥንቃቄ ይሥሩት፤ እድገትዎን በዓይን የሚያሳይዎ እሱ ነው። ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው አንድ ጫማ ያህል ርቀው ይቁሙ። መጀመሪያ በደህናው እጅ ጣቶችዎን እያስኬዱ የሚችሉትን ያህል ወደ ላይ ይውጡና የደረሱበት ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ግብዎ እሱ ነው። ከዚያ በቀዶው ጎን ያለው እጅ ተራ ነው። ጣቶችዎ ሲወጡ ወገብዎን ወደ ኋላ አያጉብጡ፣ ትከሻዎንም ወደ ጆሮዎ አይስቀሉ፤ በዚህ መንገድ የተገኘ ከፍታ የትከሻ ሳይሆን የወገብ ነው። መወጠሩ በተሰማበት ላይ ጥቂት ሰኮንድ ይቆዩ፣ ምልክት ያድርጉ፣ እጅዎን ሳይጥሉ በጣቶችዎ እየሄዱ ይውረዱ። ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ሁለቱ ምልክቶች እስኪገናኙ ድረስ በየቀኑ ይሥሩ።

ምን ያህል ሕመም ይፈቀዳል? መወጠርና መለስተኛ መሳብ መኖር አለበት። የሚወጋ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ሕመሙ ከጨረሱ በኋላ ካልበረደ ከልክ አልፈዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከፍታውን ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ከመጀመርዎ በፊት በሙቅ ውኃ መታጠብ፣ ወይም የታዘዘልዎን የሕመም ማስታገሻ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውሰድ ሥራውን ያቀለዋል።

ከብብት ወደ ክርን የሚወርድ ገመድ የመሰለ ነገር ቢሰማዎ አይደንግጡ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚከሰት፣ በብዛትም በጊዜ ብዛት የሚጠፋ ነው። ማፍታታቱን በለሰለሰ መንገድ ይቀጥሉ፤ ገመዱን ለመበጠስ ብለው በኃይል አይሳቡ፣ ሌላ ሰውም እንዲስበው አይፍቀዱ። በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጅ ቶሎ ይፈታል።

ቁስሉ አጠገብ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ካበጠ፣ ስፌቱ ከተከፈተ ወይም መግል ከያዘ እንቅስቃሴውን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ያማክሩ።

ደረጃ 4፦ መራመድ

የሚመረጠው እንቅስቃሴ መራመድ ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም፣ በማንኛውም ደቂቃ ሊቆም ይችላል፣ ልክን ማወቅም ቀላል ነው። የፍጥነቱ መለኪያ ንግግር ነው፦ እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎ ልክ ነው። ቃል በቃል እየቆረጡ የሚናገሩ ከሆነ ይቀንሱ።

1. በደረጃ 2 ከለኩት ደቂቃ ግማሹን ይውሰዱ። 10 ደቂቃ መራመድ የቻለ ሰው በ5 ደቂቃ ይጀምር። ይህ ያንስብኛል ብለው ያስቡ ይሆናል፤ ማነሱ ሆን ተብሎ ነው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሳምንት ዓላማ በማግስቱም መነሳት መቻል ነው።
2. በዚያው መጠን አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ቢያንስ 3 ቀን ይራመዱ። በጥሩ ቀንም ቢሆን አይጨምሩ።
3. በማግስቱ ጠዋት ያለው የድካም ቁጥር ከወትሮው በ2 ካልጨመረ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለእያንዳንዱ ጉዞ 2 ደቂቃ ይጨምሩ።
4. ቁጥሩ በ2 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ በዚያው መጠን ሌላ ሳምንት ይቆዩ፤ ለሁለት ቀን ከፍ ብሎ ከዘለቀ ወደ ቀድሞው ሳምንት መጠን ይመለሱ።
5. በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ካቃተዎ በ10፣ 10 ደቂቃ ከፍለው በጠዋትና በማታ ይራመዱ፤ ጥቅሙ አይቀንስም።
6. 30 ደቂቃ ከደረሱ በኋላ ብቻ ፍጥነት ወይም አቀበት ይጨምሩ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አይጨምሩ።

የክፉ ቀን ዕቅድ። የእኔ ጽኑ እምነት ዕቅዱ የሚፈርሰውም የሚጸናውም እዚህ ላይ ነው። ድካሙ 7 ወይም 8 በሆነበት ቀን ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይጻፉ፦ ለምሳሌ ከአልጋ ተነስቶ በቤት ውስጥ 3 ደቂቃ መራመድና ትከሻን ማፍታታት፣ በቃ። ያንን ካደረጉ ቀኑ እንደ ተሠራ ቀን ይቆጠራል። 3 ደቂቃም ካቃተዎ ይረፉ፤ በማግስቱ ግን ያመለጠውን ለማካካስ ብለው ደርበው አይሥሩ።

ደረጃ 5፦ ጡንቻ ማጠንከር

«ዕጢ የወጣበትን እጅ ዕቃ አታንሳበት» የሚለው ምክር ዛሬም ይሰማል። በ2009 ውጤቱ የወጣ አንድ ጥናት ሊምፌዴማ የሚባለው የእጅ እብጠት የነበረባቸውን 141 ሴቶች ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ በባለሙያ እየተመሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ክብደት ያነሱት እብጠታቸው እንዳልጨመረ፣ እንዲያውም ሕመሙ የተባባሰባቸው ቁጥራቸው ከማያነሱት ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። እጁን የሚጎዳው ያልተለማመደ ክብደት በድንገት መሸከም ነው፤ ስለዚህ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ቁስሉ መዳኑን፣ ሐኪሙም መፍቀዱን ያረጋግጡ። ቢቻል የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ይሥሩ። እብጠት ካለብዎ በሚሠሩበት ጊዜ የታዘዘልዎን ጠበቅ ያለ የላስቲክ እጅጌ ይልበሱ።

1. 5 ደቂቃ በመራመድ ሰውነትዎን ያሟሙቁ።
2. ቁጭ ብድግ፦ ከጠንካራ ወንበር ላይ እጅ ሳይደገፉ ይነሱና ቀስ ብለው ይቀመጡ።
3. ግድግዳ መግፋት፦ በሁለት መዳፍ ግድግዳ ይደገፉ፣ ክርንዎን አጥፈው ወደ ግድግዳው ይቅረቡ፣ ገፍተው ይመለሱ።
4. ላስቲክ መሳብ፦ የስፖርት ላስቲክ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር አስረው ሁለቱን ጫፍ ወደ ሆድዎ ይሳቡ፤ በጀርባዎ ላይ ያሉት ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች እንዲቀራረቡ ያድርጉ።
5. ክርን ማጠፍ፦ በግማሽ ኪሎ ይጀምሩ። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ይበቃል።
6. ተረከዝ ማንሳት፦ ወንበር ይዘው በጣቶችዎ ጫፍ ይቁሙ፣ ይውረዱ።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱን አንድ ዙር፣ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይሥሩ። ከዚያ ወደ ሁለት ዙር ይለፉ፣ እስከ 15 ጊዜም ያድርሱት። ጉልበት ሲያወጡ አየር ወደ ውጭ ይተንፍሱ፤ ትንፋሽ አፍነው አይሥሩ። በሁለት ልምምድ መካከል ቢያንስ 48 ሰዓት ያሳልፉ፤ በእነዚህ ሰዓታት እጅዎን ይመልከቱ። ቀለበት ወይም የእጅ ሰዓት ጠበበ? እጁ ከበደ? ካልሆነና ሁለት ዙር 15 ጊዜን በተከታታይ ሁለት ልምምድ ላይ ከተወጡ ግማሽ ኪሎ ይጨምሩና ወደ 8 ጊዜ ይመለሱ። አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ካቋረጡ ክብደቱን ቀንሰው ይጀምሩ።

ደረጃ 6፦ ከሕክምናው ጋር ማስማማት

ኬሞቴራፒ። ከመድኃኒቱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ብዙ ጊዜ ይከብዳሉ፤ የክፉ ቀን ዕቅድዎን ለእነሱ ያውሉት። የነጭ የደም ሴል መጠን ዝቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ስለሆነ በእነዚህ ቀናት ሰው ከሚበዛበት ስፖርት ቤት ይራቁ፤ ከቤት ውጭ ለብቻ መራመድ ይቻላል። የሰውነት ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ እንቅስቃሴ አይሞክሩ፤ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ፓክሊታክሰልና ዶሲታክሰል እግርን የማደንዘዝ ጠባይ አላቸው፤ የእግርዎ መዳፍ ከደነዘዘ ጭለማና ወጣ ገባ መንገድ ትተው፣ ቁጭ ብድጉን ግድግዳ አጠገብ ይሥሩ። ፕላትሌትዎ ከቀነሰ ክብደት ማንሳቱን ሐኪም እስኪፈቅድ ያቆዩት።

የጨረር ሕክምና። የትከሻ ማፍታታቱን በሕክምናው ወቅት አያቋርጡ። ጨረር ያረፈበት ሥጋ ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላም ሊጠነክር ስለሚችል፣ ትከሻዬ ተፈታ ብለው የተዉ ሰዎች መልሶ ሲይዛቸው ይታያል። ቆዳው የተቃጠለ ወይም የተላጠ ከሆነ መዋኘትና ላብ የሚይዝ ጥብቅ ልብስ ይተዉ።

የሆርሞን ሕክምና። ሌትሮዞል፣ አናስትሮዞልና ኤክሰመስቴን የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣሉ፣ አጥንትንም ያሳሳሉ። ሕመሙ ጠዋት ሲነሱ ስለሚብስ መራመዱን ወደ ረፋድ ይግፉት፤ ግን አይተዉት፣ መራመድና ጡንቻ ማጠንከር ይህንኑ ሕመም እንደሚቀንሱ ታይቷል። ታሞክሲፈን የሚወስዱ ከሆነ የአንድ እግር ባት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አያሹት፣ አይራመዱበት፤ በአስቸኳይ ይታዩ።

የተሰራጨ ካንሰር። እንቅስቃሴ ለእነዚህ ታካሚዎች አይከለከልም። በ2024 ውጤቱ የታተመና 357 የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸውን ታካሚዎች ያካተተ ጥናት፣ ለ9 ወር በባለሙያ ክትትል የሠሩት ድካማቸው ቀንሶ የኑሮ ጥራታቸው መሻሻሉን አሳይቷል። በባለሙያ ክትትል የሚለውን ቃል ግን አጥብቀው ይያዙት፤ ካንሰሩ አጥንት ላይ ካለ ይህን መመሪያ ብቻ ይዘው ደረጃ 5ን አይጀምሩ።

ደረጃ 7፦ መቆም ያለብዎት መቼ ነው?

ወዲያውኑ አቁመው የሕክምና እርዳታ የሚፈልጉት፦ የደረት ሕመም፣ በእረፍት የማይረጋ የልብ ምት፣ ራስን መሳት፣ ጋደም ሲሉ የሚብስ የትንፋሽ እጥረት፣ አዲስ የጀርባ ወይም የአጥንት ሕመም በተለይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ወይም የእግር መዛል ሲመጣ ነው።

እጅዎ ካበጠ፦ ክብደት ማንሳቱን ያቁሙ፣ መራመዱንና ጣት መጨበጡን ይቀጥሉ፣ ይለኩ። በሁለቱ እጆች መካከል ያለው ልዩነት ከመነሻው በ2 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ፣ ወይም ልኬቱ ባይጨምርም የመክበድና የመወጠር ስሜት ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆየ ሊምፌዴማን ወደሚያውቅ ባለሙያ ይሂዱ፤ በጊዜ የተያዘ እብጠት በቀላሉ ይገታል። እጁ ቀልቶ ካተኮሰና ትኩሳት ከመጣ ግን ይህ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀንም ሳይቆዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ደረጃ 8፦ በየ4 ሳምንቱ ውጤቱን ይመልከቱ

በደብተርዎ ሦስት ነገሮችን ያወዳድሩ፦ አማካይ የድካም ቁጥር፣ ሌሊት ያለማቋረጥ የተኙበት ሰዓት፣ እና ራስዎ የመረጡት አንድ የዕለት ሥራ። ይህ ሥራ ከኑሮዎ የተወሰደ ይሁን፦ ልብስ ከፍ ብሎ ገመድ ላይ ማስጣት፣ ሕፃን ማቀፍ፣ ሳያርፉ ደረጃ መውጣት። ቁጥሮቹ ሳይንቀሳቀሱ ይህ ሥራ ብቻ ከቀለለዎ ዕቅዱ እየሠራ ነውና አይቀይሩት።

8 ሳምንት በትክክል ሠርተው ድካሙ ምንም ካልቀነሰ ተጨማሪ እንቅስቃሴ አይጫኑበት። ደብተሩን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ መዛባት፣ ያልታከመ ሕመም፣ የእንቅልፍ ችግርና ድብርት እንዲመረመሩልዎ ይጠይቁ፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕክምና አላቸው፣ ሲታከሙም ወደ ደረጃ 4 ከነበሩበት ሳምንት አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ብለው ይመለሳሉ።